አካላችን ተከራይቶ ያየነውን ስሙን፦ የሰው አካልና የመጪው ቴክኖሎጂ መመሪያ ለሚያረቅቁ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሕክምና ቴክኖሎጂ ሥነ ምግባር ረቂቅ መመሪያ አዘጋጆች፣
በጤናና በፍትሕ ጉዳይ ለሚሠሩ የሕዝብ እንደራሴዎች፣

ጉዳዩ፦ የሰው አካል በቴክኖሎጂ ስለሚከራይበትና ስለሚለዋወጥበት ሁኔታ በተዘጋጀው ረቂቅ ላይ እንድንሰማ ስለመጠየቅ

ክቡራትና ክቡራን፣

ይህን የምንጽፍላችሁ ከቤይሩት፣ ከሪያድ፣ ከጅዳ፣ ከኩዌትና ከዱባይ የቤት ሠራተኝነት ተመልሰን አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የቁጠባና መረዳጃ ማኅበር የተሰባሰብን ሠላሳ አራት ሴቶች ነን። ግማሾቻችን እንጀራ ጋግረን ለሆቴል እናስረክባለን፤ ግማሾቻችን በየአዳራሹ ለተሰብሳቢ ሻይ ቡና እናቀርባለን። ስለ ሥራችሁ የሰማነውም በዚሁ ነው። ባለፈው ወር ረቂቁ ለውይይት ሲቀርብ ቡና ስትቀዳ የዋለችው አንዷ አባላችን ናት።

እሷ እንደነገረችን ቀኑን ሙሉ የተነገረው ስለ ሰው አካል ነበር። አንጎል ውስጥ ስለሚቀበር መሣሪያ፣ በኪራይ ስለሚያረግዝ ማሕፀን፣ ወደፊት አንድ ሰው ከሩቅ ተቀምጦ የሌላውን እጅና እግር እንደ ራሱ ስለሚያዝበት ዘዴ፣ ጭራሹንም ሁለት ሰዎች አካል ለአካል ስለሚለዋወጡበት ቀን። ከተናጋሪዎቹ አንዱ «ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው አውቆና ተስማምቶ እስከፈረመ ድረስ የሥነ ምግባር ጥያቄው ተመልሷል» አሉ። ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። አባላችን ትሪውን ይዛ ግድግዳውን ተጠግታ ቆማ ነበር። «እኔም እኮ ፈርሜ ነው የሄድኩት» አለች። የሰማት የለም፤ ለራሷ ነው ያለችው።

እሑድ በማኅበራችን ቀን ይህን ስትነግረን ለጥቂት ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም። በማግስቱ ማመልከቻ ጽፈን በሚቀጥለው ውይይት ሁለት ሰው እንድንልክ ጠየቅን። መልሱ በቃል፣ በበሩ ጥበቃ በኩል መጣ፦ ጉዳዩ ሳይንሳዊ ስለሆነ ባለሙያዎች ይበቃሉ። ረቂቁን ስንለምን ያገኘነው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። ኤሌክትሪካል ምህንድስና የምታጠና የአንዷ አባላችን ልጅ ሦስት እሑድ ሙሉ ቁጭ ብላ በአማርኛ አነበበችልን።

ቅሬታችን ከዚህ ይጀምራል። ሰው አካሉን ለሌላ ሰው ፈቃድ አስረክቦ ሲኖር ምን እንደሚሆን በዚህ አገር ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ ማን ነው? እኛ ማሽን አልተገጠመልንም። ግን ስንተኛ፣ ስንነሣ፣ ስንበላ፣ ስንታጠብ፣ ፀጉራችንን እንኳ ስንቆረጥ በሌላ ሰው ትእዛዝ ለዓመታት ኖረናል። ረቂቁ ኪራይን ገና እንደሚመጣ ነገር ይዞታል፤ ለእኛ ያለፈ ነገር ነው።

ይህን የምጽፈው እኔ፣ የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ የተወለድኩት ወሎ፣ ሐይቅ አካባቢ ነው። አባቴ አንድ በሬ ብቻ ስለነበረው ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ነበር የሚያርሰው። በሬው ከሰው እርሻ ውሎ ሲመለስ አባቴ ገለባ ከመስጠቱ በፊት ጫንቃውን በእጁ ይዳስሰው ነበር። ቀንበሩ ልጦት ከሆነ በማግስቱ አይሰደውም። ጎረቤታችንም «ተስማምተን አልነበር ወይ» ብሎ አያውቅም። ቤይሩት በሦስተኛው ዓመቴ፣ ሌሊት ወጥ ቤት ወለል ላይ ጋደም ብዬ ይህ ትዝ እያለኝ አለቅስ ነበር። የእኔን ጫንቃ የሚዳስስ አልነበረም።

እንግዲህ ወደ ዝርዝሩ እንግባ።

መጀመሪያ የፊርማው ነገር። ደላላው ዘንድ የሄድኩት አባቴ ከሞተ በኋላ ነው፤ ሁለት ታናናሾች ነበሩኝ። ሜዲካል አስገቡን። ደም ወሰዱ፣ ሽንት ወሰዱ፣ ሳንባችንን በራጅ አዩ፣ እርጉዝ አለመሆናችንን አረጋገጡ። ሜዲካል ወድቃ ደጅ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ የነበረች የኮምቦልቻ ልጅ ዛሬም ፊቷ አይጠፋኝም፤ እኛ ያለፍነው ዕድለኞች ነን ብለን ተሳሳምን። ከዚያ ወረቀት ቀረበልን፣ በዐረብኛ። «እዚህ ጋ» ተባልን፣ ፈረምን።

ተገደሽ ወይ ብትሉኝ ማንም እጄን አልጠመዘዘም። እንዲያውም ወረቀቱን በአማርኛ አንብበው ቢያስረዱኝም እፈርም ነበር። ይህን ደፍረን የምንናገረው ረቂቁ «ለተስማሚው በሚገባው ቋንቋ ይገለጽለት» በማለቱ ብቻ ነገሩ ያለቀ ስለመሰለው ነው። ቋንቋው ያስፈልጋል፣ እንጠይቀዋለንም። ነገር ግን የምትፈርም ልጅ የምታውቀው የምትወጣበትን ቤት እንጂ የምትገባበትን አይደለም። አካሉ በሌላ እጅ ከገባ በኋላ ሰው ምን እንደሚሰማው ገና በራሱ እጅ ሳለ ሊያውቀው አይችልም። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ፊርማ ብቻውን የኋለኛውን ቀን ሁሉ ሊሸከም አይገባውም።

ሁለተኛው መውጫ ነው። የሁሉም ነገር ሥር ይህ ነው ብለን ስለምናምን እዚህ ላይ ብንቆይ አትቆጡን።

አንዷ አባላችን በገባች በስምንተኛው ወር «በቃኝ፣ ወደ አገሬ ስደዱኝ» አለች። መክተቡ፣ ማለት ቀጣሪ ኤጀንሲው፣ አልከለከላትም። «መመለስ ትችያለሽ፤ ማዳም ያወጣችብሽን ሁለት ሺህ ዶላር አምጪ» አላት። የወር ደመወዟ 150 ዶላር ነው፤ የመጀመሪያው ሦስት ወር ለመክተቡ ተቆርጧል። ፓስፖርቷ ማዳም መሳቢያ ውስጥ ነው። በር ከፍታ ብትወጣ ጠፍታለች ተብሎ ለፖሊስ ይነገርባታል፤ የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ ስም የታሰረ ስለሆነ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሕገ ወጥ ናት። ካፋላ የሚሉት ሥርዓት አሠራሩ ይህ ነው። የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቤት ሠራተኛን በግልጽ ከሽፋኑ አውጥቶ ስለነበር የምትከስበት ቦታም አልነበራትም። ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ቆየች። ማንም አልገረፋትም፤ ሰንሰለትም አላየችም። መውጫው በዋጋ ተዘጋባት፣ ያ ብቻ በቂ ነበር።

እኛ የሕግ ሰዎች አይደለንም። ልጃችን ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉን አምጥታ አነበበችልን፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣ ነው። አንቀጽ 18 ሰው በሕይወት ሳለ አካሉን በሙሉ ወይም በከፊል ለሌላ ለመስጠት ቢስማማ፣ ነገሩ በአካሉ ላይ ከባድ ጉዳት የሚያመጣ ከሆነ ስምምነቱ አይጸናም ይላል፤ በሕክምና ደንብ የሚደረገውን ነው ለይቶ የሚያስቀረው። አንቀጽ 19 ደግሞ አካሉን ለመስጠት ቃል የገባ ሰው በማንኛውም ጊዜ ቃሉን ሊያነሣ ይችላል ይላል። ልጅቷ «በማንኛውም ጊዜ» የሚለውን ስታነብ ሁለቴ አስደገምናት። እናቶቻችን ልጆች ሳሉ የተጻፈ ሕግ እኛ ዓመት ሙሉ ያለቀስንበትን ነገር አውቆት ኖሯል።

ረቂቃችሁ ይህን አንቀጽ አንድም ቦታ አይጠቅስም። በምትኩ ተስማሚው ከፈረመ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ሐሳቡን መለወጥ እንደሚችል፣ ከዚያ ወዲያ ግን «የአገልግሎቱ ዘመን እስኪያልቅ» እንደሚታሰር ይናገራል። ነባሩ ሕግ በማንኛውም ጊዜ ያለውን እናንተ በምን ሥልጣን 14 ቀን አደረጋችሁት?

አንድ ነገር ሳንደብቅ እንጨምር። አንቀጽ 19 ራሱ ሁለተኛ ንዑስ ቁጥር አለው፤ ቃል የተገባለት ሰው በተስፋው ምክንያት ያወጣውን ወጪ እንዲተካለት ይፈቅዳል። እንደ ደንቡ ትክክል ይመስላል። ነገር ግን «ያወጣሁብሽን መልሺ» የሚለው ቃል በእኛ ላይ ምን እንደሠራ ነግረናችኋል። በአንጎል ውስጥ የሚቀበር መሣሪያ ከአውሮፕላን ቲኬት እጅግ ይበልጣል። ለአንዲት የደሃ ልጅ ተከላውን የከፈለላት ኩባንያ ነገ «ሐሳብሽን ለውጠሻል፣ ወጪያችንን ተኪ» ቢላት ዕድሜ ልኳን አትወጣም። ስለዚህ ወጪ የመጠየቅ መብት መውጣትን ለአንድ ሰዓትም ቢሆን ሊያግድ አይገባም። ክርክሩ ሰውየው ከወጣ በኋላ፣ በፍርድ ቤት ይሁን።

ይህ ሩቅ ሐሳብ እንዳይመስላችሁ ልጃችን አንድ ሙከራ አስረድታናለች። በ2013 እ.ኤ.አ. ነሐሴ አሜሪካ ውስጥ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ራጄሽ ራኦ የሚባሉ ተመራማሪ የአንጎል ሞገድ የሚለካ ቆብ አድርገው የኮምፒውተር ጨዋታ ፊት ተቀመጡ። ቀኝ እጃቸውን ሳያንቀሳቅሱ የማንቀሳቀስ ሐሳብ ብቻ አሰቡ። ምልክቱ በኢንተርኔት ተጉዞ በሌላ ሕንፃ ለተቀመጡት ባልደረባቸው ለአንድሬያ ስቶኮ ደረሰ፤ እሳቸው ራሳቸው ላይ የማግኔት ኃይል የሚልክ የሽቦ ጥቅል ተደርጎ ነበር። ጨዋታውን ሳያዩ ጣታቸው ብድግ ብሎ ቁልፉን ተጫነ። ሁለቱም ሊቃውንት ናቸው፣ ጓደኛሞች ናቸው፣ ጥቅሉን አንሥቶ መሄድ ይቻላል። ሙከራውን አንነቅፍም። እኛ የምንጠይቀው ስለ ቀጣዮቹ ጣቶች ነው። ተቀባዩ ጓደኛ ሳይሆን ተቀጣሪ ሲሆን፣ ጥቅሉም ከቆብ ወደ ራስ ቅል ውስጥ ሲገባ፣ ተነሥቶ መሄድ የሚባለው ነገር የት ይሆናል?

ሦስተኛው ማዋስ ነው። በውላችን ላይ የተጻፈው አንድ ቤት ነበር። የእኔ ማዳም ዓርብ ዓርብ ለእናቷ፣ በበዓል ሰሞን ለእህቷ ታውሰኝ ነበር። ሦስት ቤት፣ አንድ ደመወዝ። ሌላዋ አባላችን ኩዌት ውስጥ ከአንድ አሠሪ ወደ ሌላ ስትተላለፍ በመካከላቸው ገንዘብ ሲቆጠር በዓይኗ አይታለች፤ ስንት እንደተሸጠች እስከ ዛሬ አታውቅም። በ2019 እ.ኤ.አ. ቢቢሲ ዐረብኛ በስውር ባደረገው ምርመራ ኩዌት ውስጥ የቤት ሠራተኞች በስልክ መተግበሪያ ላይ፣ ከነዘር ምድባቸው፣ ለሽያጭ ሲቀርቡ አሳይቷል። ይህን ያነሣነው ረቂቁ «ተጠቃሚው መብቱን ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ ይችላል» የሚል መስመር ስላለው ነው። አካሏን ለአንድ ሰው ያከራየች ሴት ነገ ባልመረጠችው ሰው ትታዘዛለች ማለት ነው። መስመሩ ይሰረዝ። እዚህ ላይ የምንደራደርበት የለንም።

አራተኛው መለዋወጥ የምትሉት ነው። ይህንንም አይተነዋል ብንል ትገረሙ ይሆናል። ብዙዎቻችን በራሳችን ስም አልሄድንም። ደላላው የ16 ዓመቷን ልጅ 25 ያደርጋታል፤ ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ አንዳንዴም ሃይማኖቷን ይለውጣል። እዚያ ስንደርስ ማዳም ደግሞ «ስምሽ ይከብዳል» ብላ ሌላ ስም ታወጣልናለች። አራት ዓመት ሙሉ በራሴ ስም የጠራኝ ሰው አልነበረም። ተመልሼ እናቴ ስሜን ስትጠራኝ ወዲያው አልዞርኩም።

አንዷ ጓደኛችን ሪያድ አረፈች። ፓስፖርቷ ላይ ያለው ስም የሷ ስላልነበረ ሬሳዋ በሌላ ሰው ስም መጣ። ወንድሟ ቦሌ ላይ ቆሞ ሣጥኑን የእኔ ነው ማለት አቃተው። ወረቀቱ ሌላ ሴት ናት ይላል። ሁለት ቀን ተመላለሰ። ማንነቷ ከወረቀቷ ጋር የተለያየባት ሴት ስትሞት የሚያለቅስላት ሰው እንኳ ማስረጃ ይጠየቃል።

አሁን እናንተ አንዱ በሌላው አካል ውስጥ የሚሆንበትን ቀን አስቡ። የተዋሰው እጅ ሰው ቢያቃጥል ማን ይታሰራል? በኪራይ ላይ ሳለ ቢሞት ሬሳው ለማን ይሰጣል፣ በማን ስም ይቀበራል? አንዷ አባላችን አሠሪዋ ቀቅይ ያለቻትን ውሃ ስታወርድ ሕፃን ተቃጠለ፤ ያቺ ሌሊት የተያዘችው አሠሪዋ አይደለችም። ረቂቁ ኃላፊነትን «በውሉ ይወሰናል» ብሎ ያልፈዋል። ውሉን የሚጽፈው አቅም ያለው ወገን ነውና ኃላፊነቱ ሁልጊዜ ባከራየው ድሃ ላይ ይወድቃል።

ሙሉ አካልን ስለመለዋወጥ ብዙ አንልም፣ ዛሬ የሚችለውም የለም። በ1970 እ.ኤ.አ. ሮበርት ዋይት የሚባሉ አሜሪካዊ ሐኪም የአንዱን ጦጣ ራስ በሌላው አካል ላይ ተክለዋል፤ እንስሳው አየ፣ ሊነክስም ሞከረ፣ ግን እጅና እግሩን ማንቀሳቀስ አልቻለም፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። የሚያሳስበን መቻሉ ሳይሆን ማን ከማን ጋር ይለዋወጣል የሚለው ነው። የታመመ ሽማግሌ ባለጸጋ የሌላ ታማሚ ሽማግሌ አካል አይፈልግም። የሚፈልገው ሜዲካል ያለፈችውን ነው። እኛን የመረጡበት ሚዛን ይህ ነበር፦ ወጣት፣ ጤነኛ፣ ያላረገዘች፣ ቤተሰብ የሚጠብቃት።

አምስተኛው ከኪራይ በኋላ የሚቀረው ነው። ከሠላሳ አራታችን አሥራ አንዳችን ወገባችን ተጎድቶ ነው የተመለስነው፤ አራቱ ዲስክ ተብለዋል። በበረኪና የተላጠ እጅ ያላቸው፣ የወር አበባቸው የተዛባ፣ ሌሊት በር ሲንኳኳ ተነሥተው የሚቆሙ አሉ። አንዷ ከመሄዷ በፊት ሳትጠየቅ የእርግዝና መከላከያ መርፌ ተወግታለች፤ ምን እንደተወጋች ያወቀችው ከተመለሰች በኋላ ነው። ስንሄድ ከእግር እስከ ራስ ተመርምረናል። ስንመለስ ምን ሆናችሁ ያለን የለም። በ2020 እ.ኤ.አ. ሰኔ፣ የሊባኖስ ገንዘብ በወደቀ ጊዜ፣ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ አውርደው ሲሄዱ ዓለም በቴሌቪዥን አይቷል። ከማኅበራችን ሁለቱ እዚያ አስፋልት ላይ አድረዋል።

ይህ በቴክኖሎጂውም ደርሷል። ካሊፎርኒያ ያለ ሴኮንድ ሳይት የተባለ ኩባንያ ለዓይነ ስውራን ዓይን ውስጥ የሚተከል መሣሪያ ሠርቶ በዓለም ከ350 ለሚበልጡ ሰዎች ተተክሏል። በ2020 እ.ኤ.አ. ገንዘብ ሲያጥረው አብዛኛውን ሠራተኛ አሰናበተ፤ መሣሪያው የተበላሸበት ሰው የሚጠግንለት አጣ፤ ብረቱ ዓይኑ ውስጥ ቀረ። አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ የሚጥል በሽታ የነበረባት ሴት አንጎሏ ላይ ተተክሎ ሕመሟ ሲመጣ የሚያስጠነቅቃትን መሣሪያ ኩባንያው ስለከሰረ ሳትፈልግ አስወጥተውባታል። የእኔ አካል ሆኖ ነበር ብላ ለማስቀረት ለምናለች፤ አልተሳካላትም። በረቂቁ ላይ መውጫ ስንል እንግዲህ ሁለቱንም ማለታችን ነው፤ ልውጣ ያለ እንዳይያዝ፣ የራሱ የሆነለትም እንዳይነጠቅ።

ስድስተኛው ማሕፀን ነው፤ እኔ ራሴ ብዕሬን ለማንሣት ያስገደደኝ ይህ ክፍል ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ኔፓል በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ እስራኤል አውሮፕላን ልካ በኪራይ ማሕፀን የተወለዱ ሕፃናትን አወጣች። ሕፃናቱ መዳናቸው ደስ ይላል። የወለዷቸው ሴቶች ግን፣ ብዙዎቹ ለዚሁ ሥራ ከሕንድ የመጡ፣ አራስ ሆነው በፈረሰችው ከተማ ቀሩ። በዚያው ዓመት ኔፓል ሥራውን አገደች። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ አንዲት ፈላስፋ አንጎሏ የሞተ ሴት አካል በማሽን እየተነፈሰ ለሌሎች ልጅ ቢያረግዝስ የሚል ሐሳብ በጽሑፍ አቅርበዋል፤ ሴቲቱ በሕይወት ሳለች ፈቅዳ እስከሆነ ድረስ። ረቂቁ ይህን «ወደፊት ሊታዩ ከሚችሉ አማራጮች» ውስጥ አስቀምጦታል።

ይህን ልጃችን ስታነብ ከእኛ ታላቅ የሆኑት የጅዳዋ እናታችን «አቁሚ» አሉ። ከማኅበራችን ክርስቲያኑ ሥጋ የእግዚአብሔር ቤተ መቅደስ ነው ይላል፤ ሙስሊሙ አካል አማና ነው፣ አላህ ያስቀመጠብን ነው ይላል። በዚያ ቀን ሁላችንም አንድ ነገር ነው ያልነው። ያቺ ሴት «በቃኝ» ማለት አትችልም። ዘጠኝ ወር ሙሉ፣ አንድም ቀን። አንቀጽ 19 ሊደርስላት የማይችልበትን ውል የትኛው ፊርማ ያጸድቀዋል?

ቴክኖሎጂ ይቁም አላልንም። አንዷ አባላችን ከፎቅ ወድቆ ከአንገቱ በታች የማይንቀሳቀስ ወንድም አላት። በ2024 እ.ኤ.አ. ጥር ኒውራሊንክ የተባለው ኩባንያ መሣሪያውን አንጎሉ ላይ የተከለለት የመጀመሪያው ሽባ ሰው በሐሳቡ ኮምፒውተር ሲያዝ የሚያሳየውን ቪዲዮ እሷና ወንድሟ ስንት ጊዜ እንዳዩት አይቆጠርም። ቶኪዮ ውስጥ ከአልጋ መውረድ የማይችሉ ሰዎች ከቤታቸው ሆነው በሮቦት የሚያስተናግዱበት ቡና ቤት መኖሩንም ሰምተናል። እሱ ቢሳካ እኛም እልል እንላለን። ልዩነቱን ግን ረቂቁ አላየውም፦ አንዱ ሰው የራሱን አካል የሚያስመልስበት ነው፤ ሌላው የሌላውን አካል የሚወስድበት። ሁለቱን በአንድ ምዕራፍ፣ በአንድ የፈቃድ ቅጽ መምራት አይገባም። ቺሊ በ2021 እ.ኤ.አ. የአንጎልን እንቅስቃሴና ከሱ የሚገኘውን መረጃ የሚጠብቅ ድንጋጌ ሕገ መንግሥቷ ውስጥ አስገብታለች። እኛም ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 18 ማንም ሰው በባርነት ወይም በግዴታ አገልጋይነት አይያዝም ይላል፤ ረቂቁ ከዚህ ቢጀምር ኖሮ ብዙው ነገር በራሱ በተስተካከለ ነበር።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ እነዚህን ነው።

የ14 ቀኑ ገደብ ወጥቶ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 18 እና 19 የመመሪያው መነሻ ይሁኑ፤ አካልን የሚመለከት ማንኛውም ስምምነት በማንኛውም ሰዓት፣ ምክንያት ሳይጠየቅ፣ አስቀድሞ ወጪ ሳይከፈል የሚቋረጥ ይሁን። መሣሪያው ሲሠራም ተሸካሚው ራሱ፣ የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ፣ የሚያጠፋበት መንገድ ይኑረው፤ ያ የሌለው መሣሪያ ወደ አገር አይግባ።

የሌላን ሰው አካል በክፍያ ማዘዝ፣ ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍና ራሷን የማታውቅን ሴት ማስረገዝ «ወደፊት ከሚታዩት» ዝርዝር ወጥተው በግልጽ ይከልከሉ።

የውጭ አገር ሥራ ኤጀንሲም ሆነ ደላላ ለእንዲህ ያለ ሙከራ ሰው እንዳይመለምል ይደንገግ። ለእኛ ይህ ትንሽ ነጥብ አይደለም። መንገዱን፣ ቤታችንን፣ የእናቶቻችንን ዕዳ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ገንዘብ ካለበት መጀመሪያ የሚደርሱት እነሱ ናቸው።

በመግቢያ ላይ የተመረመረ ሰው በመውጫም፣ ከዚያ በኋላም ለዓመታት፣ በተጠቃሚው ወገን ወጪ ይመርመር። የተከለው ኩባንያ ቢከስር የሚከፍል መድን አስቀድሞ ይያዝ።

ረቂቁ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ይውጣ። በሚቀጥለው ውይይት ላይም ከእኛ ሁለት ሰው፣ ከኩላሊት ሕሙማን፣ ከአካል ጉዳተኞችም እንዲሁ፣ ድምፅ ኖሯቸው ይቀመጡ። የቀን ገቢያችን ስለሚቀርብን አበል ብታስቡልን አናፍርበትም።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን። እሑድ እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ እንሰበሰባለን፤ የምትልኩትን ልጃችን ታነብልናለች። በሚቀጥለው ስብሰባችሁም ቡናውን የምታቀርበው ያችው አባላችን ናት። ጥያቄ ካላችሁ ጠይቋት፤ ቆማ ሳይሆን ተቀምጣ እንድትመልስ ወንበር ስጧት።

ከአክብሮት ጋር፣

ከዐረብ አገር ተመላሽ የቤት ሠራተኞች ቁጠባና መረዳጃ ማኅበር ሰብሳቢ፣
በሠላሳ አራቱ አባላት ስም
አዲስ አበባ